የከተማችን ሰው ሲለወጥ የፓርቲዎች የማሸነፍ ዕድል ይለወጣልን? ከደብረ ብርሃን የቀረበ ጥያቄ

የጠባሴው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ባለፈው ሰሞን በሰፈራችን ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ሁለት አባቶች የጀመሩት ክርክር እስከ ቤቴ ተከትሎኝ ስለመጣ ወደዚህ ይዤው ቀርቤአለሁ። አንደኛው በብርድ ልብስ ፋብሪካው ረጅም ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ የደብረ ብርሃን ነባር ሰው ናቸው። «ከተማዋ የማናውቀው ሰው ሞልቶባታል፤ ትናንት በእኛ ድምፅ የተመረጠ ፓርቲ ነገ በእነሱ ድምፅ ይወድቃል፤ አዲሱን ሰው ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል» ይላሉ። ሁለተኛው ከመንዝ የመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ሰው ቢበዛ መቀመጫው አልበዛም፤ ታዲያ ምን ይለወጣል?» አሉና ክርክሩን ዘጉት።

የመጀመሪያው አባት ስለ ከተማዋ የሚሉትን ማንም በዓይኑ ያያል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደብረ ብርሃን 65,231 ነዋሪዎች ነበሯት። ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎቹ መጡ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፈተ፣ ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ወገኖቻችንም በመጠለያ ጣቢያና በየተከራዩት ቤት ሰፈሩ። በከተማዋ ዙሪያ የነበረው ገበሬ ደግሞ መሬቱ ለፋብሪካ ሲወሰድ ካሳውን ተቀብሎ፣ ሳይሰደድ ባለበት የከተማ ሰው ሆነ።

እንግዲህ ጥያቄዬ፣ የሕዝቡ ብዛት፣ ዕድሜ፣ መኖሪያና መተዳደሪያ ሲለወጥ የፓርቲዎች የማሸነፍ ዕድል በራሱ ጊዜ አብሮ ይለወጣል ወይ የሚል ነው። ከለወጠውስ በምን መንገድ? የማንንም ፓርቲ ስም አንስታችሁ እንድታሞግሱልኝ ወይም እንድትሰድቡልኝ አልፈልግም፤ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ግን ለድንኳኑም መልስ ይዤ እመለሳለሁ።


መምህር ከእነዋሪ

ለእርስዎም ለሁለቱ አባቶችም ሰላምታዬ ይድረስ። «ሁለቱም በየበኩላቸው ልክ ናቸው» ብሎ ማለፍ ከጥያቄው መሸሽ ስለሚመስለኝ ወገን ልያዝ፤ እኔ ከመንዙ ሽማግሌ ጋር ነኝ።

ምክንያቴ የሚጀምረው ከሕጉ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት፣ በየምርጫ ክልሉ ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው አሸናፊ በሚሆንበት ሥርዓት ነው፤ የመቀመጫዎቹ ቁጥርም ከ550 እንዳይበልጥ ተወስኗል። እስካሁን ሲሠራበት የኖረው ቁጥር 547 ነው። የምርጫ ክልሎች ወሰን ግን እንደ ድንበር ድንጋይ ተተክሎ እንዲቀር አልታሰበም፤ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም የቆጠራውን ውጤትና ምርጫ ቦርድ የሚያቀርበውን ረቂቅ መሠረት አድርጎ የምርጫ ክልሎችን እንዲወስን ያዛል። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ግን ተላለፈ፤ በ2011ም እንደገና ተላለፈ፤ የመጨረሻው ቆጠራ ያ የ1999ኙ እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ሕዝቡ ይንቀሳቀሳል፣ መቀመጫው ግን ባለበት ቆሟል።

የዚህን ትርጉም በሁለት ቁጥሮች ላሳይ። በ1999 ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551፣ ሶማሌ ክልል ደግሞ 4,445,219 ሕዝብ ነበራቸው። በተወካዮች ምክር ቤት ለሁለቱም የተመደበው መቀመጫ ግን እኩል 23 ነው። ከአንድ ተወካይ ጀርባ የቆመው ሕዝብ በሶማሌ ክልል ከአዲስ አበባው አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነበር ማለት ነው። ይህ ገና በቆጠራው ዕለት የነበረው ልዩነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ዳርቻ ኮንዶሚኒየም በኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ የእርስዎም ከተማ እርስዎ እንዳሉት ስትሆን፣ ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ የሚነግረን አዲስ ቆጠራ የለም። ደጋፊዎቹ ሕዝባቸው እየበዛ በሚሄድ ቦታ ያሉለት ፓርቲ ድምፅ ያተርፋል እንጂ መቀመጫ አያተርፍም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልዎ። በእንግሊዝ ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው አልባ ለመሆን ጥቂት የቀረው ኮረብታ እስከ እ.ኤ.አ. 1832 ድረስ ሁለት እንደራሴዎችን ወደ ፓርላማ ሲልክ፣ በፋብሪካ ሠራተኛ የተጨናነቀችው ማንችስተር የራሷ አንድም እንደራሴ አልነበራትም። የሕንድ ደግሞ ይበልጥ ለእኛ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1976 በተደረገ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የየግዛቱ የፓርላማ መቀመጫ በ1971 ቆጠራ ላይ እንዲቆም ተደረገ፤ ቆይቶም የማቆሚያው ጊዜ ተራዘመ። በዚህ መካከል እንደ ኬራላና ታሚል ናዱ ያሉት የደቡብ ግዛቶች የወሊድ መጠናቸውን ቀነሱ፤ እንደ ኡታር ፕራዴሽና ቢሃር ያሉት የሰሜን ግዛቶች ግን በፍጥነት አደጉ። ዛሬ መቀመጫው እንደገና ይከፋፈል ሲባል የደቡብ ፓርቲዎች «ቤተሰባችንን ስለመጠንን ልንቀጣ ነው» ብለው ይጮኻሉ። ገዢው ፓርቲ ደግሞ ጉልበቱ በአብዛኛው በሰሜን ስለሆነ፣ ክርክሩ የሂሳብ ብቻ ሆኖ ሊቀር አልቻለም።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1987 እና በ1999 ቆጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 38 በመቶ ሲያድግ፣ የሰሜን ሸዋ ዞናችን ያደገው ከ17 በመቶ ብዙም ባልዘለለ ነው፤ 1,837,490 ሆኖ ነው የተቆጠረው። እርግጥ ነው፣ የአማራ ክልል ቁጥር ከተጠበቀው በእጅጉ አንሶ መገኘቱ በወቅቱ በምክር ቤትም ጥያቄ ያስነሣ ጉዳይ ስለነበር፣ አሃዙን እንደ ወንጌል እንዲወስዱት አልልም። ቢሆንም የእኛ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ እንደሚቀር ለማወቅ ቆጠራ አያስፈልገንም። ነገ አዲስ ቆጠራ ተደርጎ የምርጫ ክልሎች ቢከለሱ ደብረ ብርሃን ልታተርፍ፣ የመንዝና የመርሐቤቴ ገጠር ግን ድርሻው ሊያንስ ይችላል። «መቀመጫው አልበዛም» ያሉት አባት ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ባውቅ ደስ ይለኛል።


ቆላ ምንጃር

መምህር፣ ስለ መቀመጫው የጻፉትን በአክብሮት እቀበላለሁ። የጠባሴው ወንድማችን ያመጣው ክርክር ውስጥ ግን ሳይነካ የታለፈ አንድ ስውር እምነት አለ፤ እሱም አዲስ መጪ ሁሉ በአንድ ወገን ተሰልፎ ድምፅ ይሰጣል የሚለው ነው። ፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ ተማሪው፣ ተፈናቃዩና ካሳ ተቀብሎ የተቀመጠው ገበሬ ምን ያገናኛቸዋል? የቤት ኪራይ ሲወደድ ሠራተኛዋ ታለቅሳለች፤ በካሳው ገንዘብ ሦስት ክፍል ሠርቶ የሚያከራየው የትናንቱ ገበሬ ግን ደስ ይለዋል። ለሁለቱም «አዲሱ ከተሜ» የሚል አንድ ስም ሰጥቶ አንድ ቅስቀሳ የሚያዘጋጅ ፓርቲ ለማንኛቸውም አይደርስም።

በአሜሪካ የሆነውን ተመልከቱ። ከላቲን አሜሪካ የመጣው ሕዝብ ቁጥር እያደገ ሲሄድ ዴሞክራቶች ለዘለቄታው እንደሚያሸንፉ ለብዙ ዓመታት ሲተነተን ኖሯል። ሕዝቡ በእርግጥም አደገ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የፕሬዚዳንት ምርጫ፣ በቴክሳስ ከሜክሲኮ ጋር በሚዋሰነው ስታር በሚባለው አውራጃ፣ ከነዋሪው ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚያው ሕዝብ ወገን ሆኖ ሳለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያላሸነፈው የሪፐብሊካን ፓርቲ አሸነፈ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የኑሮ ውድነቱና የድንበሩ ጉዳይ ግን ከትውልድ ሐረጋቸው ይልቅ ከብዶ ተገኘባቸው። በቁጥር የተማመነ ፓርቲ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ይሆናል።

የራሳችንም ታሪክ ይህንኑ ይናገራል። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት በአዲስ አበባ ያሉትን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። በ2002 ምርጫ ደግሞ በዚያችው ከተማ ለተቃዋሚው መድረክ የቀረችው አንዲት መቀመጫ ብቻ ነበረች። በአምስት ዓመት ውስጥ የአዲስ አበባ ሕዝብ አልተቀየረም፤ ዕድሜውም፣ ትምህርቱም፣ ስብጥሩም ያው ነበር። የተቀየረው ከ1997 በኋላ የሆነው ሁሉ ነው፤ ግድያው፣ እስሩ፣ የቅንጅት መሰነጣጠቅ፣ የፖለቲካው ሜዳ መጥበብና የሕዝቡ ተስፋ መቁረጥ። የሕዝብ ለውጥን ብቻ ይዞ ለተነሣ ተንታኝ ከ23 ወደ አንድ የወረደውን ይህን ውጤት ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ለጡረተኛው አባት ልመልስላቸው። ትውልድ ሲተካ ትዝታ ይለወጣል፣ ትዝታ ሲለወጥም ፓርቲ የሚቆምበት መሬት ይሸረሸራል። የደቡብ አፍሪካው ኤ.ኤን.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1994 ከ62 በመቶ በላይ ድምፅ ይዞ ጀምሮ በ2024 ወደ 40 በመቶ ወርዶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን መንግሥት መመሥረት አቃተው። ከአፓርታይድ በኋላ የተወለደው መራጭ ለወላጆቹ ነጻ አውጪ የነበረውን ፓርቲ የሚያውቀው በመብራት መቆራረጥና በሥራ አጥነት ነው። እርግጥ በዚያ ዓመት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዙማ የተሰለፉበት አዲስ ፓርቲ ከ14 በመቶ በላይ ድምፅ ስለወሰደበት፣ ውድቀቱ የወጣቶች ብቻ ሥራ አልነበረም። በእኛም አገር በ2013 ምርጫ 18 ዓመት የሞላው ወጣት በ1997 ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነበር። ስለ ቅንጅትም ሆነ ስለ ኢሕአዴግ ጥንካሬ የሚነገረው ሁሉ ለእሱ የአባቱ ወግ ነው።


የአንኮበር ልጅ

ወንድሞቼ፣ ሁለታችሁም የጻፋችሁት ሰው ከተመዘገበ በኋላ ስለሚሆነው ነው። እኔ በ2013 ምርጫ በአንድ ምርጫ ጣቢያ በመዝጋቢነት ስለሠራሁ፣ ነገሩን ከመዝገቡ ጠረጴዛ ማዶ ሆኜ ያየሁትን ልጨምር።

ምርጫው የተካሄደበት አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጭ ለመሆን 18 ዓመት መሙላትን ብቻ ሳይሆን፣ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርንም ይጠይቅ ነበር። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ነገር ግን ወደ እኔ ከመጡት ወጣት ሴቶች አንዷ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ቤት ቀይራ ነበር፤ የቀበሌ መታወቂያዋም ከትውልድ ቦታዋ የወጣ ነው፤ አከራይዋ ደግሞ «ስሜን በወረቀት እንዳታስገቢ» ብሏታል። በፈረቃ የምትሠራ ስለሆነች የመጣችው ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ነው። ሰነድ ይዛ እንድትመለስ ነገርኳት፤ አልተመለሰችም። በዚያው ቀን ጠዋት ግን የሰፈሩ ነባር እናቶችና አባቶች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተሰልፈው መጥተው፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ካርዳቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ለውጥ ሲባል የሚታየኝ ያ የምዝገባ መዝገብ ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው፣ ማለትም ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ተፈናቃይ፣ በከተማው ውስጥ ብዙ ሆኖ በመዝገቡ ላይ ግን ጥቂት ነው። የቤት ባለቤት፣ ዕድሜው የገፋ፣ እድርና ማኅበር ያለው ሰው ከተማው ውስጥ ድርሻው እያነሰ ቢሄድም መዝገቡ ላይ ገዝፎ ይቀራል። በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2022 ምርጫ ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉት ወጣቶች ከተመዘገበው መራጭ 40 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ቁጥራቸውም ከ2017 ምርጫ አንሶ ነው የተገኘው። በአገሩ ወጣቱ እየበዛ በመዝገቡ ግን እየቀነሰ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ «አዲሱን ሰው ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል» ላሉት አባት መልሴ፣ አዎ፣ ግን መያዝ ማለት ንግግር ማሰማት ሳይሆን በምዝገባው ሳምንታት ከፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ሰነድ እንዲያሟሉ መርዳት ነው የሚል ነው። ይህን ሥራ በእኔ ጣቢያ አካባቢ ሲሠራ ያየሁት አንድም ፓርቲ አልነበረም። ሁሉም መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ያልፉ ነበር።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር በ2015 በክልላችን ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ በብዙ ወረዳዎች መዝገብ ዘርግቶ መቀመጥ ራሱ ከባድ መሆኑን መርሳት የለብንም። ጣቢያ ያልተከፈተበት ቦታ ሕዝቡ ምንም ያህል ቢለወጥ ለምርጫ ስሌት እንደሌለ ይቆጠራል።


የጠባሴው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህር፣ አንድ ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። መቀመጫው ባይበዛም፣ ባለችው መቀመጫ ላይ አዲሶቹ ሰዎች ውጤቱን መገልበጥ አይችሉም ወይ? የተፈናቀሉት ወገኖቻችንስ ወደ የትኛው ሂሳብ ይገባሉ? እህታችን የነገረችን ደግሞ ከሁሉም በላይ ልቤን ነክቶታል፤ የእኛም ቤት ተከራይ አለበት፤ ጠይቄውም አላውቅ።


መምህር ከእነዋሪ

መገልበጥስ ይችላሉ፤ ግን በሁኔታ ነው። አንድ ምርጫ ክልል 60,000 ድምፅ ሰጪ አለው እንበል። አንደኛው ፓርቲ 22,000፣ ሁለተኛው 18,000፣ የቀሩት በአንድነት 20,000 አገኙ። አንደኛው ከግማሽ በታች ይዞ አሸነፈ፤ የእኛ ሥርዓት የሚለው ይህንኑ ነው። አሁን 10,000 አዲስ መራጮች ቢመጡና ሰባት ሺህ ያህሉ ለሁለተኛው፣ የቀሩት ለአንደኛው ቢሰጡ፣ 25,000 ለ25,000 እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ አንድ ሰው ቢጨመር ውጤቱ ተገለበጠ። እነዚያው 10,000 ሰዎች ለአምስት ፓርቲ ቢበተኑ ግን አንደኛው ፓርቲ ምንም ሳይነካው ያልፋል። የምንጃሩ ወንድማችን ክርክር እዚህ ላይ ከእኔው ጋር ይገጥማል። እህታችን እንዳለችው ደግሞ ከ10,000ው የተመዘገቡት ሦስት ሺህ ብቻ ከሆኑ ይህን ሁሉ ማስላት በከንቱ መድከም ነው።

ይህ ሥርዓት ተበታትኖ የሚኖርን ደጋፊ ክፉኛ እንደሚቀጣም ልብ ይበሉ። በ2013 ምርጫ ውጤታቸው በመጀመሪያ ከታወጀው 436 መቀመጫዎች 410ሩ የብልጽግና ፓርቲ ሆኑ፤ አብን አምስት፣ ኢዜማ አራት አገኙ። በየከተማው ትንሽ ትንሽ ደጋፊ ያለው ፓርቲ በአንድ አካባቢ የተሰበሰበ ደጋፊ ካለው ፓርቲ ብዙ ድምፅ አግኝቶም ያነሰ መቀመጫ ሊወስድ ይችላል። ለዚህ ነው ተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም መቀመጫ በድምፅ ድርሻ ልክ የሚከፋፈልበት ሥርዓት፣ ይግባ የሚሉ ሰዎች በየጊዜው የሚነሡት፤ በዚያ ሥርዓት የሕዝብ ለውጥ ወደ መቀመጫ የሚደርስበት መንገድ አጭር ነው። እኔ በበኩሌ ሁለቱን ያጣመረ ቅይጥ ሥርዓት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ተወካይን በስም አውቆ በሩን የማንኳኳት ልማድ በእኛ አገር ሊጠፋ የሚገባው አይደለምና።

ስለ ተፈናቃዮች የጠየቁት የክብደቱን ያህል አልተወራበትም። ሕጉ ለወታደር ካምፕ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪና ለተፈናቃይ ልዩ ምርጫ ጣቢያ የሚቋቋምበትን መንገድ አስቀምጧል። ዋናው ነገር ግን ድምፃቸው ለማን ምርጫ ክልል ይቆጠራል የሚለው ነው። ለሰፈሩበት ቢቆጠር የደብረ ብርሃንን ውጤት የመወሰን አቅም ያገኛሉ፤ ሆኖም ጥለውት በመጡት ቦታ ያላቸው ድርሻ ይጠፋል፤ አፈናቃዩም የፈለገውን አገኘ ማለት ነው። ለተፈናቀሉበት ቢቆጠር ደግሞ ውሃና ትምህርት ቤት የሚጠይቁት እዚህ፣ የሚመርጡት ተወካይ ግን የማይደርሱበት ቦታ ይሆናል። እኔ መምረጡ ለራሳቸው ለተፈናቃዮቹ ቢተው እላለሁ፤ ማንም ፓርቲ እነሱን ወክሎ ሊወስንላቸው አይገባም።


የጠባሴው (ጠያቂ)

ትናንት ሰንበቴ ላይ ሁለቱንም አባቶች አግኝቼ የጻፋችሁትን በቃሌ ነገርኳቸው። ጡረተኛው አባት የአንኮበሯን እህት ነገር ሲሰሙ ዝም አሉና፣ እሳቸውም ሁለት ተከራይ እንዳላቸው፣ አንዱም የቀበሌ መታወቂያ እንዲያወጣ ፈርመውለት እንደማያውቁ ነገሩኝ። «ግብር ይመጣብኛል ብዬ ነው» አሉ።

የመንዙ ሽማግሌ ግን የያዙት ሌላ ነገር ነው። መምህር ስለ ዞናችን እድገት የጻፉትን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ስድስት ልጆች እንዳሏቸው፣ አምስቱ አዲስ አበባ እንደሆኑ፣ ቀጣዩ ቆጠራ ሲመጣ የሚቆጠሩት እዚያው እንደሆነ አስረዳኋቸው። ጠላቸውን ቀመስ አድርገው አሰብ አደረጉና «እንግዲያስ የእኔ ወንበር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ገብታለቻ» አሉኝ።